መብራት ከመጣ በኋላ ያለው ክፍል፦ ለጋሼ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት ስለ አንድ ፊልም የተጻፈ ጽሑፍ እዚህ ጅማ ከእጅ እጅ ሲዞር ሰነበተ። ለእኔ ብቻ ሦስት ሰው ላከልኝ። ጸሐፊውን በስም አልጠራቸውም። ፊልም የምንወድ ልጆች ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። ፊልም እንዴት እንደሚታይ ካስተማሩን ሰዎች አንዱ ናቸው። ዝም ማለት ያቃተኝም ለዚህ ነው። ሌላ ሰው ጽፎት ቢሆን አልፈው ነበር።

ፊልሙ «ኤ ስካነር ዳርክሊ» ይባላል። ሪቻርድ ሊንክሌተር የሠራው የ2006 ፊልም ነው። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።) መነሻው ፊሊፕ ኬ. ዲክ በ1977 ያሳተመው ልብወለድ ነው። ላላየው ሰው ታሪኩን ባጭሩ ልንገር። ቦብ አርክተር ስውር ፖሊስ ነው። ሱሰኞች መሃል እየኖረ መረጃ ያቀብላል። ቢሮ ሲገባ መልኩን በየቅጽበቱ የሚለዋውጥ ልብስ ይለብሳል። አለቃው እንኳ ማን እንደሆነ አያውቅም። አንድ ቀን አንድ ተጠርጣሪ ሌት ተቀን እንዲከታተል ይታዘዛል። ተጠርጣሪው ራሱ ቦብ አርክተር ነው። እምቢ እንዳይል ማንነቱ ይጋለጣል። ስለዚህ ቁጭ ብሎ ራሱን መሰለል ይጀምራል። በዚህ መሃል እሱም «ሰብስታንስ ዲ» የሚባለው ዕፅ ሱሰኛ ሆኗል። ዕፁ የግራና የቀኝ አንጎሉን ያለያየዋል። ቀስ በቀስ ስክሪኑ ላይ የሚያየው ሰው ራሱ መሆኑ ይጠፋበታል።

ጋሼ የጻፉት ባጭሩ ይህ ነው። ካርቱን ለልጆች ነው፤ ዕፅን በካርቱን ማሳየት ነገሩን ማቅለል ነው። ታሪክ የለውም፤ ወሬ ብቻ ነው። በሱስ ያስቃል። የአሜሪካ ጣጣ ነው፤ ለጅማ ሰው አይነግረውም። ሳይንስ ፊክሽን ተባለ እንጂ የሳይንስ ፊክሽን ነገር የለበትም። መጨረሻው ጨለማ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ «ግማሹ ሰው ጥሎ ወጣ፤ የቀሩትም የወደዱት መርቅነው ስለነበር ነው» ብለዋል።

ከዚችኛዋ ልጀምር። ሌላው ሁሉ የምርጫ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ይቺ ግን ሰው ላይ የተነገረች ናት።

ፊልሙን ያየነው እኛ ቤት፣ ቆጪ ነው። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ አንሶላ ወጥረን፣ በተዋስነው ፕሮጀክተር። 19 ሰው ነበርን። በሩ አጠገብ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ሰው በወጣ ቁጥር እግሬን ማጠፍ ነበረብኝ። ስለዚህ ቁጥሩን አልስትም። ፊልሙ እየሄደ የወጡት ስድስት ናቸው። ሁለቱ ዝናቡ ሳይብስ ባጃጅ ለመያዝ ወጡ። ተሰናብተው ነው የሄዱት። አንዷ ስልክ ተደውሎላት ወጥታ ሳትመለስ ቀረች። የቀሩት ሦስቱ አልተመቻቸውም፤ እውነት ነው።

ጫትን በተመለከተ ደግሞ፣ ቅመው የመጡ ሦስት ልጆች ነበሩ። ደብቀው አይደለም፤ ሁላችንም አውቀናል። ከሦስቱ ሁለቱ ሳይመቻቸው ከወጡት መሃል ናቸው። አንዱን በማግስቱ አጂፕ አካባቢ አገኘሁትና ለምን እንደወጣ ጠየቅኩት። «ራሴን አየሁት፣ አልቻልኩም» አለኝ። ፊልሙን የወደድነው ስለመረቀንን ነው የሚለው ነገር እንግዲህ የቆመበት መሬት የለውም። በምርቃና ያዩት ናቸው መቀመጥ ያቃታቸው።

የሰው መከፋፈልም የኛ ሳሎን ብቻ ጉዳይ አይደለም። ፊልሙ በ2006 ካን ፌስቲቫል ቀርቦ ነበር። ያኔም ገምጋሚዎች ለሁለት ተከፍለውበታል። 8.7 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበት ከሲኒማ ቤት ያንን እንኳ አልመለሰም። ከዚያ ወዲህ ግን እየፈለጉ የሚያዩት ሰዎች አልጠፉም። እኛም ይኸው ከስንት ዓመት በኋላ በአንሶላ ላይ አየነው።

አሁን ወደ ካርቱኑ።

ጋሼ «ተዋናዮቹን እንዳሉ ማሳየት ሲቻል ለምን ቀለም ቀቧቸው?» ይላሉ። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ እኔም መጀመሪያ ጠይቄዋለሁ። ኪያኑ ሪቭስም ሆነ ሮበርት ዳውኒ ጁኒየር በካሜራ ፊት በእውን ተጫውተዋል። ፊልሙ መጀመሪያ እንደማንኛውም ፊልም ተቀርጿል። ከዚያ ሠዓሊዎች በኮምፒውተር ተቀምጠው በላዩ ላይ ሣሉበት። ዘዴው ሮቶስኮፕ ይባላል። ማክስ ፍላይሸር በ1915 የፈጠረው የቆየ ዘዴ ነው። እዚህ የተጠቀሙት ቦብ ሳቢስተን የሠራውን ሶፍትዌር ነው። አንድ ደቂቃ ፊልም ለመሣል ወደ 500 ሰዓት ይፈጅ እንደነበር ተዘግቧል። ፊልሙ 100 ደቂቃ ነው። ለማቅለል ብሎ ይህን ሁሉ የሚደክም ሰው የለም።

ውጤቱንም እናስተውል። ግድግዳው ረግቶ አይቆምም። የሸሚዝ መስመር ይንሸራተታል። የሰው ፊት የምናውቀው ፊት ነው፣ ግን ከቦታው ትንሽ ፈቀቅ ይላል። የምታየው ነገር እውነት ይሁን አይሁን እርግጠኛ አትሆንም። ሱስ አእምሮውን የነካው ሰው ዓለምን እንዲህ ነው የሚያያት። በተራ ካሜራ ቢሆን ከውጭ ሆነን «ምስኪን» እያልን እናየው ነበር። ሥዕሉ ግን ውስጡ ያስገባናል።

እማዬ እንግሊዝኛ አትሰማም። ካርቱንም አይታ አታውቅም። ፊልሙ ሲጀምር ቡና ይዛ ገባች። የመጀመሪያው ትዕይንት ላይ አንድ ሰው ሰውነቱን ነፍሳት ወረሩኝ ብሎ ይታጠባል፣ ያክካል፣ እንደገና ይታጠባል። ውሻውን ሳይቀር ያጥባል። ነፍሳቱ ግን የሉም። እማዬ ስኒ እንደያዘች ቆማ አየችውና «ይሄን ልጅ ዱካክ ይዞታል። የሚቀሰቅሰው ሰው የለም እንዴ?» አለች። ማንም አልተረጎመላትም። ካርቱን መሆኑንም አላነሳችው። ጫት ያቋረጠ ሰው ሌሊት ዱካክ ሲጫነው አይታ ስለምታውቅ ወዲያው ገባት። ለጋሼ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለኝም።

«ታሪክ የለውም፣ ወሬ ብቻ ነው» ወደሚለው ስንመጣ፣ ወሬ መብዛቱ እውነት ነው። ጓደኛሞቹ አንድ ብስክሌት ይዘው ስለ ማርሹ ይከራከራሉ። የፊቱንና የኋላውን ጥርስ ማባዛት ሲገባቸው ይደምራሉ። የጎደለው ማርሽ ተሰርቆብናል ብለው ሌባ ፍለጋ ይገባሉ። ጋሼ ይህን «ሰዓት ማባከን» ብለውታል። ጅማ ያደገ ሰው ግን በርጫ ላይ ባይቀመጥ እንኳ በርጫ አጠገብ ሳይቀመጥ አያድግም። ያንን ወሬ እናውቀዋለን። ከሰዓት በኋላ አገር ይቀናል፣ ንግድ ይከፈታል፣ መጽሐፍ ይጻፋል። አንዱ ያነሳውን ሌላው ያጦዘዋል። ሁሉም በጣም ብልህ ነው። ሲመሽ ጨብሲ ይመጣና ማንም ከተቀመጠበት ሳይነሳ ቀኑ ያልቃል። ፊልሙ ወሬውን የሚያስረዝመው ሰዎቹ ሕይወታቸውን የጨረሱት በሱ ስለሆነ ነው። ታሪኩ ከወሬው ሌላ ቦታ የለም።

«በሱስ ያስቃል» ላሉት ደግሞ፣ አዎ ስቀናል። የብስክሌቱ ላይ ጋሼም ስቀዋል፣ ሰምቻለሁ። ግን ሳቁ የት ላይ እንደቆመ ልብ ብለዋል? እኔ ብያለሁ። በሩ ላይ ነው የቆመው።

ከጓደኛሞቹ አንዱ ሆን ብሎ የቤቱን በር ሳይቆልፍ ይሄዳል። ሰላይ ከገባ ላጠምደው ነው ይላል። ሲመለሱ ቤቱ ውስጥ ሰው ገብቷል ብለው ይጠረጥራሉ። ከዚያ እርስ በርስ ይጠራጠራሉ። እዚህ ላይ አንዳንዱ ገና ይስቅ ነበር። እኔ ግን ወንድሜን እያሰብኩ ነበር።

ይህን የምጽፈው አስፈቅጄው ነው። «ለሰው የሚጠቅም ከሆነ ጻፊው» ብሎኛል። ወንድሜ ታላቄ ነው። ኮሌጅ እያለ ለፈተና ማጥኛ ብሎ ሌሊት መቃም ጀመረ። ብዙዎቹ የሚጀምሩት እንደዚያ ነው። ሌሊት ለመንቃት ጫት፣ ቀን ለመተኛት ጨብሲ፣ ጠዋት እንደገና ጫት። በሁለተኛው ዓመት ማታ ማታ በር መፈተሽ አመጣ። ይቆልፋል፣ ይከፍታል፣ እንደገና ይቆልፋል። ጎረቤት የማስበውን ይሰማል ይል ነበር። በኋላ እኔንም ጠረጠረኝ። አንድ ቀን «አንቺ ነሽ የምትነግሪያቸው» አለኝ። ማንን እንደሚል ዛሬም አላውቅም። ያኔ እኔ 15 ዓመቴ ነበር። ቤተሰባችን መጀመሪያ የሰው ዓይን ነው አለ። ቀጥሎ ስንፍና ነው አለ። ሕክምና የሄድነው ብዙ ጊዜ ካጠፋን በኋላ ነው። ዛሬ መድኃኒቱን ይወስዳል፣ ቡና ማበጠሪያ ቤት ይሠራል፣ ከእኛው ጋር ይኖራል። አንዳንድ ነገር ግን አልተመለሰም። ድሮ የሚቀልደው ቀልድ ለምሳሌ።

ስለዚህ ጋሼ «ማቅለል» ሲሉ አመመኝ። እዚያ በር ላይ ፊልሙ ያሳየውን ፍርሃት በዓይኔ አይቼዋለሁ። ምንም አላቀለለውም።

«የአሜሪካ ጣጣ ነው» የሚለው ነጥብ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ልብወለዱን የጻፈው ዲክ ስለ ሱስ በሩቅ ሰምቶ የጻፈ ሰው አይደለም። በፍጥነት ለመጻፍ ብሎ ለዓመታት አምፌታሚን ይወስድ ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቤቱ በሱስ የተያዙ ወጣቶች መዋያ ነበር። በ1972 ካናዳ ውስጥ ማገገሚያ ገብቷል። እንግዲህ ከጫት ጋር የሚያገናኘው ነገር እዚህ ጋ ይመጣል። ጫትን የሚያነቃቃ ያደረገው ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። በ1975 በተባበሩት መንግሥታት ላቦራቶሪ ተለይቶ ታወቀ። ኬሚካላዊ አሠራሩ ከአምፌታሚን ጋር የቅርብ ዘመድ ነው። ቅጠሉ ሲጠወልግና ሲደርቅ ካቲኖኑ ወደ ደካማው ካቲን ይለወጣል። የጫት መኪና እንደዚያ የሚከንፈው፣ ጫቱም በኮባ ተጠቅልሎ እርጥብ እንደሆነ እንዲደርስ የሚለፋው ለዚህ ነው። ቃሚው ኬሚስትሪውን ባያውቅም ምላሱ ያውቀዋል።

እዚህ ላይ እንዳልሳሳት። ጫት ከሰብስታንስ ዲ ጋር እኩል ነው አላልኩም። ጫት ከአምፌታሚን ክኒን በጣም የላላ ነው። አባ ጅፋር አገር ጫት የዱአ ጓደኛ ነው፣ የሽማግሌ ጨዋታ ነው፣ የገበሬ እንጀራ ነው። ቡና በዓመት አንድ ጊዜ ይለቀማል። ጫት ውሃ ካገኘ ደጋግሞ ይቆረጣል። ገበሬው ቡናውን ነቅሎ ጫት ቢተክል ልፈርድበት አልችልም። 40 ዓመት በልክ ቅመው በሰላም የሚኖሩ አባቶች አውቃለሁ። ግን በልክ የማይቆም ልጅም አለ። ከየትኛው ቤት እንደሚወጣ ማንም አስቀድሞ አያውቅም። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ጤና ተመራማሪዎች የጫትና የአእምሮ ሕመምን ግንኙነት ለዓመታት ያጠኑት ጉዳዩ እዚሁ ደጃችን ስላለ ነው። ካሊፎርኒያ ሄደው አላጠኑትም።

የሳይንስ ፊክሽኑን ነገር ባጭሩ ልለፈው። ጋሼ የጠፈር መርከብ ፈልገው ከሆነ የለም። ግን የሁለት አንጎል ነገር ሳይንስ ነው። ሮጀር ስፔሪ የግራና የቀኝ አንጎል ሲለያዩ ምን እንደሚሆን አጥንቶ በ1981 ኖቤል ተሸልሟል። ዲክ ያንን ምርምር ተከታትሎ ነው የጻፈው። ሐኪሞቹ አርክተርን ሥዕል እያሳዩ የሚፈትኑበት ትዕይንት ከዚያ የመጣ ነው። ቤት ውስጥ የተደበቁት ካሜራዎችም በ1977 እንደ ዛሬው በየሱቁ የሚገኙ አልነበሩም። ዛሬ መርካቶ ገብቶ መግዛት ይቻላል።

የቀረው መጨረሻው ነው። እዚህ ላይ ጋሼን መውቀስ አልፈልግም፣ ምክንያቱም መጨረሻውን አላዩትም።

የሆነው እንዲህ ነው። አርክተር አእምሮው ከተጎዳ በኋላ «ኒው ፓዝ» የሚባል ማገገሚያ ይገባል። ከዚያ እርሻ ላይ ይልኩታል። እዚያ ስንደርስ መብራት ጠፋ። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድበዋል። ጨለማ ውስጥ ተቀመጥን። አሥር ደቂቃ ጠበቅን፣ ሃያ ደቂቃ ጠበቅን። ጋሼ «በቃ ገባን፣ ሰውየው ጠፋ፣ አለቀ» ብለው ተነሱ። ሦስት ሰው አብሯቸው ሄደ። ጽሑፋቸው ላይ «ግማሹ ሰው» ያሉት እነዚህንም ቆጥረው ይመስለኛል። ዘጠኛችን ቀረን።

ከዚያ መብራት መጣ።

ጋሼ ያላዩት ይህ ነው። አርክተር በቆሎው ረድፍ መሃል ትንሽ ሰማያዊ አበባ ያያል። ሰብስታንስ ዲ የሚሠራው ከዚያ አበባ ነው። የሚዘራው ደግሞ ማገገሚያው ራሱ ነው። በአንድ እጁ ያሳምማል፣ በሌላው አክሞ ያስከፍላል። ፖሊሶቹ ይህን ጠርጥረዋል፤ ግን ሰላይ ማስገባት አልቻሉም። ስለዚህ አርክተርን ሳይነግሩት ሠዉት። ሱሰኛ ሆኖ እንዲገባ ተዉት። እኔ በጣም የተናደድኩት እዚህ ላይ ነው። ሆኖም አርክተር የራሱን ስም እንኳ በማያስታውስበት ሁኔታ አንዷን አበባ ቀጥፎ ጫማው ውስጥ ይደብቃል። ለጓደኞቼ በበዓል ቀን ስጦታ እወስድላቸዋለሁ ይላል። ማስረጃው ወጣ ማለት ነው። ሁሉ ነገር የጠፋበት ሰው ለጓደኛ ስጦታ መያዝ አልጠፋበትም። ጋሼ፣ ይህን ቢያዩት «ጨለማ» ብለው አይጽፉም ነበር ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ ደግሞ ስሞች ይመጣሉ። ዲክ መጽሐፉ መጨረሻ ላይ በሱስ ያጣቸውንና የተጎዱበትን ወዳጆቹን ዘርዝሯል። ፊልሙም ዝርዝሩን ይዞታል። በእያንዳንዱ ስም ፊት የደረሰበት ተጽፏል። ይሄኛው ሞተ፣ ይሄኛው አእምሮው ታወከ፣ ይሄኛው የማይድን ጉዳት ደረሰበት። ራሱን ዲክንም አስገብቷል፤ ጣፊያው አጠገብ ያለው ቆሽት የሚባለው አካሉ እስከወዲያኛው ተጎድቷል። ጥፋተኞች ናቸው አይልም። እንደ ልጅ ሊጫወቱ ፈልገው ከልክ ያለፈ እንደተቀጡ ነው የሚናገረው።

ዝርዝሩን ጮክ ብዬ ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነበብኩት። ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ይሰማል። ስጨርስ አንድ ልጅ፣ ከመንደራችን ነው፣ ቀስ ብሎ አንድ ስም ጠራ። እዚሁ ቆጪ የምናውቀው ልጅ ስም ነው። ትንሽ ቆይቶ ሌላዋ ሌላ ስም ጠራች። እንደዚያ እያለ አምስት ስም ደረሰ። ማንም ስም ጥሩ ብሎ ያዘዘ የለም።

ወንድሜ መብራት ሲጠፋ ከጓዳ ሻማ ይዞልን መጥቶ ነበር። በሩ ላይ እንደቆመ አላየሁትም። «ሁሉም ሞተዋል?» ሲል ነው ዞር ያልኩት።

«አይ» አልኩት። «አንዳንዶቹ አሉ። ተጎድተዋል እንጂ አሉ። የጻፈውም ራሱን አስገብቷል።»

ሻማውን እፍ ብሎ አጠፋና ጋሼ ተነስተው የሄዱበት ወንበር ላይ ተቀመጠ። «እስቲ ከመጀመሪያው ክፈቺው» አለኝ።